ሰላም ስለሰፈነ የተወሰዱ ፖሊሶች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን

ለትልቋ ልጄ፣ ቁጣዋን ከእኔ ለወረሰችው፤

እንዴት ከረምሽ? ብርዱስ እንዴት ያደርግሻል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል እንጂ ሌላው አካላቴ ገና አልከዳኝም። እህትሽም አለች፤ ስለ እሷ ወደ ታች እመጣለሁ። ባልሽም አለ። ይበላል፣ ይተኛል፣ ላገኘው ሰው ሁሉ ይቅርታ ይላል።

እሁድ ደውለሽ፣ «እማዬ፣ የላይኛውን ፖሊስ ጣቢያ አዛዥነት ለምን እምቢ እንዳለ ጠይቂልኝ፤ አሳፍሪው፤ እሱ እንደሆነ የሚፈራው አንቺን ነው» ስትይኝ፣ «እሺ»፣ «አዎ»፣ «እንጃ» እያልኩ ያድበሰበስኩት ጃጅቼ እንዳይመስልሽ። ሰውዬው አጠገቤ ተቀምጦ ሽንኩርት ይልጥልኝ ነበር። ሰው ፊቱ ላይ አይታማም፤ ቢያንስ ሽንኩርቱን እስኪጨርስ። አሁን እሱ ሥራ ላይ ነው፣ ቤቱ ጭር ብሏል፣ መነጽሬም ተገኝቷል። ከሥሩ ጀምሬ ልንገርሽ።

ባልሽን ንቄው እንደኖርኩ ታውቂያለሽ። መጀመሪያ ያመጣሽው ዕለት ወደ ጓዳ ጎትቼሽ፣ «ይሄ ፖሊስ ነው ወይስ አትክልተኛ?» ብዬሽ አልነበር? እኔ እሱ አሁን ባለበት በታችኛው ጣቢያ፣ ተረኛ ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ሃምሳ አለቃ ሆኜ አንድ ጊዜ በመስኮቱ ስጮህ፣ ሰካራም ገና በሩ ላይ ሳለ ስካሩ ይለቀው ነበር። እሱ የጣቢያው አዛዥ ተብሎ፣ ሌባ ሲይዝ «ይቅርታ ወንድሜ፣ እጅህን አንዴ» ይላል። በሥራ ዘመኔ የሚጠጣም፣ የሚዋሽም፣ የሚተኛም አለቃ አይቻለሁ። ካቴና አስሮ «ጠበቀብህ እንዴ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ከእሱ ሌላ አላየሁም።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ደግሞ አግዳሚ ወንበር አመጣ። ግቢው ውስጥ፣ ዛፉ ሥር፣ ረጅም አግዳሚ አሠራ። አቤት ብሎ የመጣ ሰው ጠረጴዛው ጋ ከመድረሱ በፊት እዚያ ይቀመጣል። የተከሰሰውም ተጠርቶ አጠገቡ ይቀመጣል። በሩ ላይ ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ሁለት ብርጭቆ ታመጣለች። ባልሽ መሃላቸው ይገባና በዚያች እንቅልፍ በምታመጣ ድምፁ «እስቲ ረጋ ብለን» ይላል። ብርጭቆው ባዶ ሲሆን ሰዎቹ ተቃቅፈው ይወጣሉ። የመኪና ክሪክ የሰረቀ ሰውዬ ክሪኩን መልሶ፣ ባለቤቱ ምሳ ሊጋብዘው ይዞት ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። መዝገብ ላይ ግን ምንም አይጻፍም። ለምን ስለው፣ «የሰው ስም አንዴ ከተጻፈ አይለቅም፣ እማማ» ይለኛል። የክስ መዝገቡ ከሱቅ እንደመጣ ተቀምጦ ቀረ።

ዓመቱ ሲያልቅ መምሪያው ሸለመው። «የዓመቱ ሰላማዊ ጣቢያ» ተብሎ ዋንጫ ተሸክሞ መጣ። ቴሌቪዥኑ አጠገብ አቆመልኝ። እኔ የልብስ መቆንጠጫ አጠራቀምኩበት፤ ለሌላ ነገር አልሆን አለኝ።

በዚያው ሰሞን መምሪያው አዲስ ኃላፊ መጣለት። ሰዉ የሚጠራው «ቀመር» እያለ ነው። አንቱ ልለው ሞክሬ ነበር፤ አንቱታው ከጉሮሮዬ አልወጣ አለ። ስልጠና ሄዶ ሲመለስ አንድ ቀመር ይዞ መጥቷል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በየጣቢያው ዓመቱን ሙሉ የተመዘገበው አቤቱታ ይቆጠራል፣ ብዙ የተመዘገበበት ጣቢያ ፖሊስ ይጨመርለታል፣ ጥቂት የተመዘገበበት ካለው ላይ ይቀነስበታል። በቃ፣ ይኸው ነው። መንገዱ ጨለማ ይሁን ብርሃን፣ ሰፈሩ አጥር ይኑረው አይኑረው፣ ሰው በስንት ሰዓት እንደሚወጣ የሚጠይቅ የለም። በእኛ ጊዜም ድልድል ይበላሽ ነበር፤ አለቃ ለዘመዱ ያዳላ ነበር፤ ግን ቢያንስ የሚያዳላው ሰው መንገዶቹን በእግሩ ያውቃቸዋል። ይሄኛው ከመኪና ወርዶ የእኛን አፈር ረግጦት አያውቅም።

የላይኛው ጣቢያ አዛዥ ደግሞ «ሽቶ» ይባላል፤ እሱ ከመድረሱ በፊት ሽታው ይደርሳል። እሱ ነገሩ ቶሎ ገባው። እዚያ ሰፈር ሰዉ በግንብና በውሻ ታጥሮ ነው የሚኖረው። ያም ሆኖ ውሻ ጮኸብኝ፣ የጎረቤት ቅጠል ግቢዬ ወደቀ፣ ሰው መኪናውን ደጃፌ አቆመ እያለ አቤት ሲል ይውላል። ሽቶ አንዷንም አይጥላትም። ሁለት ሰዎች ከተሰዳደቡ ሦስት ጊዜ ይጽፈዋል፤ ለተሳዳቢው፣ ለተሰዳቢው፣ ቆሞ ላየው። እንዲህ እየተባለ የላይኛው ሰፈር በወረቀት ላይ ጦር ሜዳ ሆነ፤ የእኛ ሰፈር ገነት ሆነ።

የድልድሉ ስብሰባ ዕለት ባልሽ ደንብ ልብሱን አስተኩሶ ሄደ። ሲመለስ ፊቱ ፈክቷል።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«አመሰገኑን፣ እማማ። በታችኛው ጣቢያ ክልል ሰላም ስለሰፈነ ብለው ተናገሩ። ተጨበጨበልን።»

«ከጭብጨባው በኋላስ?»

«ከሰው ኃይላችን ለሌላ ጣቢያ ትንሽ እናካፍላለን።»

«ትንሽ ማለት ስንት?»

አቀርቅሮ ነገረኝ። ከሃያ ስምንቱ አስራ ሰባቱ ይሄዳሉ። የሚቀሩት አስራ አንድ ናቸው፤ ለጽሕፈቱም፣ ለእስረኛውም፣ ለበሩም፣ ለሮንዱም። የሚታመመውና ፈቃድ የሚወጣውም ከእነዚሁ ውስጥ ነው።

«አንተ ምን ብለህ ወጣህ?»

«እናመሰግናለን አልኩ» አለኝ።

ልጄ፣ ልብሱን እየገፈፉት ምስጋና የሚያቀርብ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ጭብጨባ ሲሰማ ጆሮው ይደፈናል መሰለኝ። እንዲያውም ሙሉው ነገር የገባው በማግስቱ ጭነት መኪናው ግቢ ገብቶ የፖሊሶቹን ፍራሽ ሲጭን ነው። ያን ጊዜ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እያንዳንዱን እየዞረ በእጁ ተሰናበተ፣ ፍራሽም አብሮ ጫነ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

አንድ ቀን ለዓይኔ ብዬ ወደ ላይኛው ሰፈር ወጣሁ። ከእኛ የተወሰዱት አራቱ አንድ አደባባይ ላይ ተኮልኩለው እርስ በርስ ይተያያሉ። ረጅሙን ታስታውሺዋለሽ፣ ያ የንጋቱን ሮንድ የሚዞረው። ሲያየኝ አፈረ።

«እዚህ ምን ትጠብቃላችሁ?» አልኩት።

«እኛም አልገባንም፣ እማማ። ጣቢያው ውስጥ መቀመጫ ስላነሰ ውጭ ዋሉ ብለውን ነው።»

እንግዲህ እዚያ መቀመጫ ያጣው ፖሊስ ነው፣ እኛ ጋ የጠፋው።

አሁን ወደ እህትሽ ልምጣ። ይህን በስልክ አልነገረችሽም፤ እኔንም እንዳትነግሪያት ብላኛለች፤ ግን ካልነገርኩሽ የቀረው አይገባሽም። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ እንደምትሠራ ታውቂያለሽ። አንሶላው ከሐኪሞቹ ቀድሞ ክፍሎቹ መድረስ ስላለበት የምትወጣው ሳይነጋ ነው። መንገዷ ከመጋዘኑ ግንብ ኋላ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ መብራት የሚባል የለውም። ድሮ ረጅሙና ጓደኛው በዚያ ሰዓት ሮንድ ይዞሩ ነበር። የማጠቢያውና የሆስፒታሉ ወጥ ቤት ሴቶች ጥጉ ላይ ይጠብቋቸውና ከኋላቸው እያወሩ ይሄዳሉ። ያዘዘውም ያቀደውም ሰው አልነበረም፣ ተለምዶ ነው። ድልድሉ ሲመጣ የንጋቱ ሮንድ ቀረ። አስራ አንድ ሰው የቱን ይዞ የቱን ይልቀቅ?

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ብዙም ሳይቆይ ሌቦች ከወጥ ቤት ሴቶች አንዷን ከግንቡ ጋር አጣብቀው ቦርሳዋን ቀሟት፣ ክንዷን ሰበሩት። እህትሽ ከኋላዋ ነበረች። እሷንም በአንገት ልብሷ ይዘው መሬት ለመሬት ጎተቷት። አንገት ልብሱ ባይቀደድ ኖሮ ምን ሊሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። በስልክ ምስል ስታዪያት ኮሌታዋን እስከ ላይ የምትቆልፈው ብርድ ሆኖባት አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ከቤት ከመውጣቷ በፊት ታስመልስ ጀመር። እኔ እንዳልሰማ ቧንቧውን ትከፍታለች። ሥራውን ልተወው አለች። ያን ሥራ ስንት ደጅ ጠንታ እንዳገኘችው ታውቂያለሽ፤ ከተወችው ሌላ አይጠብቃትም። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሥራው ብቻ አይደለም። ያቺ ከማንም ጋር የምትጋፋ ልጅ፣ በገዛ ቤቷ ውስጥ በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች። እኔም ጉልበቴ አላራምድ ብሎኝ እስከ በሩ ብቻ ሸኝቻት፣ እስክትደውልልኝ ድረስ ቆሜ እጠብቃለሁ።

እጄን አጣጥፌ የምቀመጥ ሰው እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ። ቀመሩ የሚበላው አቤቱታ ከሆነ እናብላው አልኩ። ቤት ለቤት ዞሬ፣ «ቅሬታ ያለው ሁሉ ይነሳ፣ ጣቢያ ሄዶ ያስመዝግብ» ብዬ ሰፈሩን አስነሳሁ። ሰው ደግሞ ሌላ ቢያጣ ቅሬታ አያጣም። አናጢው የአማቱን ምላስ ሊከስ መጣ፤ አማቱንም ይዟት መጣ። ልብስ ሰፊዋ አምና የጠፋች ዶሮዋን ልታስመዘግብ መጣች። ጡረታ የወጣው መምህር መጽሐፍ ተውሶ ያልመለሰለትን ጎረቤቱን ክንዱን ይዞ እየጎተተ መጣ። ሰልፉ ከበሩ አልፎ መንገድ ላይ ወጣ። እኔም በሩ ላይ ቆሜ እንደ ድሮዬ ሰው ሳሰልፍ ልቤ ሞላ።

ባልሽ ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ደነገጠ። ደንግጦም የሚያውቀውን አደረገ። አግዳሚው ላይ አስቀመጣቸው፣ ሻይ አዘዘ። እኔ በውጭ ተጣይ ሳስገባ እሱ በውስጥ «እስቲ ረጋ ብለን» እያለ ሲያስታርቅ ዋለ። አናጢው ከአማቱ ጋር ተሳስሞ ወጣ። ለልብስ ሰፊዋ ጎረቤቷ ሌላ ዶሮ ሊሰጣት ቃል ገባ፤ የመጀመሪያዋን የበላት እሱ መሆኑም በዚያው ታወቀ። መምህሩና ጎረቤቱ ሌላ መጽሐፍ ተዋውሰው ሄዱ። ከዚያ ሁሉ ሰልፍ መዝገቡ ላይ የደረሰው እፍኝ አይሞላም።

«ምን ማድረግህ ነው አንተ?» አልኩት።

«የእውነት የተጣሉ መስሎኝ ነው፣ እማማ» አለኝ። «ደግሞም አንዳንዶቹ የእውነት ተጣልተው ነበር።»

የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ። ያን ቀን ጡረታ ባልወጣ ኖሮ እሱኑ አስሬው እውል ነበር።

የቀረችውን እፍኝ ተስፋ አድርጌ ቀመርን ላነጋግር ጠየቅኩ። በቀጠሮ ሲያንጠለጥሉኝ ከርመው አስገቡኝ። ተነስቶ ወንበር ሳበልኝ፣ «እናቴ» አለኝ፣ ውሃ አስመጣልኝ። ቢሮ ውስጥ እንዲህ ሲያከብሩሽ ምንም እንደማያደርጉልሽ እወቂ። የንጋቱን መንገድ ነገርኩት። የተሰበረውን ክንድ፣ የእህትሽን አንገት ነገርኩት። ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠኝና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

«የዘንድሮው ተዘግቷል፣ እናቴ። በሚቀጥለው ድልድል ይታያል።»

«ልጄ የምትወጣው እኮ ነገ ጠዋት ነው።»

«ይገባኛል። ግን ለአንድ ሰፈር ብለን ቀመሩን ከነካነው ሌላውም ይከተላል። አሠራር ነው።»

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ተቆጣሁ፣ ጮህኩ፣ ድምፄ ኮሪደሩን ሞላው። እሱ እቴ፣ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። ጨርሼ ስነሳ በሩን ራሱ ከፈተልኝና ሊያስደስተኝ ፈልጎ፣ «አማችዎ ግን እድለኛ ነው» አለኝ። «ለዋንጫው ብለን የላይኛውን ጣቢያ ሰጥተነዋል፤ የዚያው አዛዥ ወደ መምሪያው ይዛወራል። ቤት አለው፣ መኪና አለው። እስካሁን ለምን እሺ እንዳላለን አልገባንም።»

ለአንቺ ቀድሞ ነግሮሽ ኖሯል፤ እኔ የሰማሁት እዚያ በር ላይ ነው።

መንገዱን ሙሉ ብቻዬን እየሳቅሁ ተመለስኩ። አንድ ጣቢያ ያስበላ ሰው ሌላ ጣቢያ ይሸለማል። ግን ቤቱን ማሰቤ አልቀረም። ግቢ ያለው፣ ለሁለታችሁ የሚበቃ፣ በሩ ላይ ዘብ የሚቆምበት ቤት ነው። የሥራ ውልሽን አቋርጠሽ በክረምቱ ልመጣ ነው ያልሽው ያን ቤት ተማምነሽ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ሻንጣሽን ይዘሽ በራችን ላይ ቆመሽ ታየሽኝ። ደስ አለኝ፣ ልጄ፤ እንደ ልጅ ደስ አለኝ። በነጋታው «እሺ በልና ሂድ፤ በዕድሜህ አንዴ እንኳ ሳትቅለሰለስ አንድ ነገር አድርግ» ልለው ቆረጥኩ።

በማግስቱ ሳይነጋ እህትሽን፣ ዛሬስ ጉልበቴ ቢሰበርም አብሬሽ እሄዳለሁ አልኳት። «አያስፈልግም፣ እማዬ፣ ተይው» ብትለኝም ከዘራዬን ይዤ ተከተልኳት። ጥጉ ላይ ስንደርስ ሴቶቹ ተሰብስበዋል። ከፊታቸው አንድ ፖሊስ ባትሪ ይዞ ቆሟል። ባልሽ ነው። ከዚያ ከተበላሸው ሰልፍ ማግስት ጀምሮ በየንጋቱ ሲሸኛቸው ከርሟል። አዛዥ ሆኖ ሮንድ ይዞራል፤ በእኔ ጊዜ ይህን ያደረገ አዛዥ መሳቂያ ነበር የሚሆነው። ማለዳ ቀድሞ ሲወጣ እኔ፣ የጣቢያውን ግቢ ሊጠርግላቸው ነው እያልኩ አሾፍበት ነበር። የእህትሽ ማስመለስ ጋብ ሲልላትም የገዛሁላት መድኃኒት የሠራላት መስሎኝ ነበር። እንዳልስቅበት ብሎ ሁሉንም ዝም አሰኝቷቸዋል።

አካሄዱን ብታይው ታፍሪበት ነበር። ትከሻውን ሰብሮ፣ ግንቡን ታክኮ፣ ባትሪውን እግሩ ላይ እያበራ ነው የሚሄደው። አላስቻለኝም፤ እያነከስኩ ደረስኩበት።

«መሃል መንገዱን ያዝ» አልኩት። «ግንብ የሚታከክ ፖሊስ የፈራ ፖሊስ ነው።»

«እፈራለሁ እኮ፣ እማማ» አለኝ።

በሥራ ዘመኔ ይህን ከአንድ ፖሊስ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ትንሽ ሄድን። ከዚያ ዞር ሳይል፣ «ልጅዎ የላይኛውን ጣቢያ ተቀበል ትለኛለች» አለኝ። «እኔ ከሄድኩ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው አይመድቡም። ይህን ጣቢያ ምክትሉ ይበቃዋል ብለዋል። እሱ አሁንም የሁለት ሰው ሥራ ይሠራል፤ በዚህ ሰዓት እዚህ ሊቆም አይችልም። እኔ መወሰን አቃተኝ። እርስዎ ሂድ ካሉኝ እሄዳለሁ።»

ከፊታችን እህትሽ ከሴቶቹ ጋር ትሄዳለች። አንዷ የሆነ ነገር አለች፤ ምን እንዳለች አልሰማሁም። እህትሽ ሳቀች። በዚያ ጨለማ፣ በዚያ ግንብ ሥር፣ እንደ ድሮዋ ከት ብላ ሳቀች።

ሂድ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። የወጣኝ ግን፣ «መሃሉን ያዝ ብዬሃለሁ» የሚል ነው። ያዘ። እስከ ሆስፒታሉ በር መሃሉን ይዞ ሄደ፤ በዚያው ዕለትም ለመምሪያው እምቢታውን አስታወቀ።

እንግዲህ ለምን እምቢ አለ ብለሽ ጠይቂው ያልሽኝ ይኸው ነው። እሱን መጠየቅ አላስፈለገኝም። ቀመርን ስሰድብ ከርሜ እኔም ደለደልኩ፤ አንድ ፖሊስ ነበረኝ፣ ሁለት ልጆች ነበሩኝ፣ ለቅርቧ ሰጠሁ። በክረምቱ የማትመጪው በእኔ ምክንያት ነው። ይህን በስልክ ልነግርሽ ድፍረት አጣሁ። እጅግ ናፍቀሽኛል።

ካለሽበት አገር ክፉ አይንካሽ፤ እንጀራሽን የሚያቀልልሽ፣ ቀንሽን የሚያሳጥርልሽ ደግ ሰው ይስጥሽ፤ ሁላችንንም በአንድ ቤት ለመሰብሰብ ያብቃን። የምትቆጪ ከሆነ እኔን ተቆጪኝ፤ እኔ ስድብ ለምጃለሁ። እሱን ተይው፤ ሳይነጋ ሥራ አለበት።

እናትሽ